ለሐይቁ የተያዘ ቦታ

አጎቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በየመስከረሙ፣ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ወርደው የክረምቱ ውሃ በደረሰበት ጠርዝ ድንጋይ ይደረድሩ ነበር። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ደረቅ መሬት ላይ ይቀርና ጎረቤቶች፣ «ጋሼ፣ ሐይቁ እኮ ጥሎዎት ሄደ!» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። «ሲመለስ ሰው ሰፍሮበት እንዳያገኘው ቦታ ይዤለት ነው» ይሉ ነበር እሳቸው።

እኔ የውሃ ዳርቻ ጥበቃን ሳጠና የኖርሁ ሰው ነኝ። ሐይቁን ከእርሻ የሚለየው መመሪያ ሲረቀቅ፣ እርሻ የሚከለከልበትን ርቀት ያስለካሁት በሚያዝያ ከነበረው የውሃ ጠርዝ ነበር። ረቂቁን ሳነብላቸው፣ «የበጋውን ዳር ነው የክረምቱን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ስህተቴ ገባኝ፤ ግን ለስሜ ሳስቼ ረቂቁን ሳላርም አስተላለፍሁት። መመሪያው ጸደቀ፤ ማረሻውም ድንጋዮቻቸውን ገለባብጦ ወደ ውሃው ወረደ። አጎቴ ነገሩን ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ትናንት መመሪያውን ለመከለስ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ከአጠገቤ፣ አጎቴ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ባርኔጣዬን አኖርሁ። «ጋሼ፣ ሰው አለው?» አለኝ አንድ ገበሬ። «ቦታ ይዤ ነው» አልሁት። ከዚያም ተነሥቼ፣ የተሳሳተው ልኬት የእኔ መሆኑን ተናገርሁ።