የጠረጴዛ ሥር ተማሪ

የኢብቲሃል ጉራ ድሮም ከዮርዳኖሷ ከተማ ከዛርቃ አልፎ ዋና ከተማው አማን ድረስ ይሰማ ነበር። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በስልክ ነው ሲባልማ፣ እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት፣ የሚችላት ጠፋ። ሌሎቹ እናቶች ልጄ ደንቁሮ ሊቀር ነው ብለው ሲያለቅሱ እሷ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነዋፍን ካገባች ወዲህ የባሏ እህት ፋዲያ ስለ ገዛ ልጇ የፈተና ውጤት ባወራች ቁጥር፣ የሳቀች እየመሰለች ውስጧ ሲቃጠል ነው የኖረችው። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጇ ጁማና ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስልኩ የዛዕተር ቅመም ብልቃጥ ላይ ይደገፋል። እናት፣ ያቺን የምታህል ሴትዮ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠረጴዛ ሥር ትወሸቃለች። መምህርቷ ሚስ ሩባ ከስልኩ ውስጥ «ጁማና፣ ሁለተኛውን መስመር አንብቢልኝ» ስትል ከታች ሹክሹክታ ይወጣል፣ ከላይ ልጅቷ ትደግማለች። ፈተና ሲሆን ደግሞ መደበቁም ቀርቶ ልጅቷን ካርቱን ፊት አስቀምጣ እሷው ትፈተናለች።

ሙሉ ማርክ! አክሊልና ኮከብ የተሣለበት ምስክር ወረቀት በስልክ ይላካል፣ ኢብቲሃልም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ታዳርሳለች፣ ኩናፋ የሚሉትን ጣፋጭ ገዝታ ለጎረቤት ታድላለች። ጎረቤቶቿም ኩናፋውን እየጎረሱ ማሻላህ ይሏታል፤ የእነሱም ልጆች ሙሉ ማርክ አምጥተዋላ። በየቤቱ ጠረጴዛ ሥር አንዳንድ እናት ተወሽቃለች። ክፍሉ በሙሉ አንደኛ ወጣ፣ ሁለተኛ የሚባል ጠፋ። ከረባት ያሰሩ ሰዎች በቴሌቪዥን አዲስ የትምህርት ዘመን መጣ እያሉ ሲያንቆለጳጵሱት የከረሙት እንግዲህ ይህንን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ቅይጥ የሚሉት መጣ፤ ገሚሱ ቀን ክፍል፣ ገሚሱ ቤት። የክፍል ቀን ሲደርስ ጁማናን ሆዷን ያማታል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ የእናትየዋ ፈጠራ ነበር፤ ኋላ ግን ልጅቷ የደንብ ልብሷን ስታይ የምሯን ታስመልስ ጀመር። ኢብቲሃል ውሸቷ እውነት ስለሆነላት እፎይ አለች። እናት ማለት እንዲህ ናት!

ሁለተኛ ክፍል ሊያልቅ ሲል ሚስ ሩባ አስጠራቻት። ልጅቷ ፊደል እንደማትለይ፣ የገዛ ስሟን እንኳ ከሌላ ሰው ስም እንደማትለይ ነገረቻት። ደንቡ ሁሉንም ያሳልፋል፤ ወላጅ ከጠየቀ ብቻ ነው ልጅ የሚደግመው። ሦስተኛ ክፍል ከገባች ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊደል የሚያስቆጥራት የለም፣ እንዲሁ ትቀራለች። ይህን ሁሉ አስረድታ እስከ መጪው ሳምንት ሐሙስ ወስኚ አለቻት።

ኢብቲሃል ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ሙሉ ማርክ የሰጠሻት አንቺው አይደለሽ እንዴ?» አለቻት።

«ለማን እንደሰጠሁማ አውቃለሁ፣ የጁማና እናት» አለች መምህርቷ። «ለመሆኑ ጉልበትሽን ተሻለሽ?»

ሚስ ሩባም ብትሆን የምትመሰገን አይደለችም። እያወቀች ነው ያን ሁሉ አክሊል የላከችው፤ ማርክ ከቀነሰች እናቶቹ ለርእሰ መምህሯ ይከሷታል።

ኢብቲሃል ቤቷ ገብታ ያሰላሰለችው ስለ ፊደል እንዳይመስላችሁ። ልጄ ደገመች ሲባል ፋዲያ ምን ትል ይሆን ብላ ነው እንቅልፍ ያጣችው።

ዓርብ ቤተሰቡ አማቷ ሐጃ ዘህራ ቤት መንሰፍ የሚሉትን የሥጋና የሩዝ ምግብ ከቦ ተሰበሰበ። ፋዲያ የሆነ ነገር ሸቷት ኖሯል፣ የእናቷን መድኃኒት አንስታ ለጁማና ሰጠቻት። «ጁጁዬ፣ ፋርማሲው መቼ ይወሰድ ብሎ እንደጻፈ እስቲ አንብቢልን። መነጽሬን ረስቼው መጥቼ ነው።» ፋዲያ በዕድሜዋ መነጽር አድርጋ አታውቅም።

ጁማና ካርቶኑን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች። ከትሪው ማዶ የኢብቲሃል ከንፈር «ከምግብ በኋላ፣ ከምግብ በኋላ» እያለ ይንቀሳቀሳል። የዘመድ ልጆች ግን ዙሪያዋን ይንጫጫሉ። ልጅቷም እንደለመደችው፣ አንዳች እፍረት ሳይሰማት፣

«ማማ፣ ጮክ በይ፤ አልሰማሁሽም» አለች።

ፋዲያ አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻል ነበር። ነዋፍ፣ እሱን ከአባት ከቆጠራችሁት፣ ሩዙን ማኘኩን ቀጠለ። ኢብቲሃል ያኔ እንኳ እውነቱን ተናግራ መገላገል ትችል ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባትና፣ «ጆሮዋን አሟት ነው፤ እኔም ሰሞኑን ስጠረጥር ነበር» አለች።

ከአፏ ወጥቷልና እሑድ ልጅቷን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ማዳመጫ አድርጎላት ድምፅ ስትሰማ እጇን እንድታወጣ ነገራት። ጁማና አንድም አላመለጣት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጆሮ ብዙ እንዳላየ ተናግሮ ውጤቱን በወረቀት ሰጣቸው። ኢብቲሃል ወረቀቱን በስልኳ አነሳችና ለቤተሰቡ ሁሉ ላከች፦ «ማሻላህ፣ ጁማናዬ መቶ በመቶ!» ዓርብ የታመመ ጆሮ እሑድ እንዴት መቶ ደፈነ ብሎ የጠየቀ የለም። በስልኳ የልብ ምልክት ብቻ ዘነበላት።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ ወረቀቱን ለመነቻትና ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ማማ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው?»

እናትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል በጣቷ አሳየቻት። ጁማና ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብላ ነዳችው። ፊቷ በራ።

«ይኼ ሁሉ እኔ ነኝ? የመጀመሪያዋ ፊደል ማን ትባላለች?» አለች ጮክ ብላ።

ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩዋቸው።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለች ኢብቲሃል፣ ወረቀቱንም ቀምታ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ መጥቶ አለፈ፣ ኢብቲሃል የትምህርት ቤቱን ደጅ አልረገጠችም። በአዲሱ ዓመት ጁማና ሦስተኛ ክፍል ገባች።