በመስኮት የሰማሁት

በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የልጅ ልጄ የሲፈን ድምፅ ግን ላም ሳልብም፣ ስጸልይም ከጆሮዬ አይወጣም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ አረብ አገር ለሥራ ሄዳ እዚያው ሞተችብን። ለልጅ መርዶ አይነገርም ብለን ደበቅናት። ለቅሶውንም ላፍቶ ቤታችን አልተቀመጥንም፤ ሰበታ ወንድሜ ዘንድ ሄድን። በየበዓሉ ጫማ እየገዛሁ «እናትሽ ልካልሽ ነው» እላታለሁ። ትስቃለች፣ ትስመኛለች።

የምትማረው ጀሞ ነው። አንድ ቀን ወላጅ ተጠራ። ልጆች በልባቸው ያለውን እንዲናገሩ የሚያደርግ አዲስ ትምህርት መጥቷል፣ ቁጭ ብላችሁ እዩ አሉን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ቲቸር፣ ሆዱ የጠገበ ልጅ ምን የልብ ነገር አለው? ሒሳብ አስተምሪያቸው!» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ።

«አባቴ፣ ሒሳቡ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ትንሽ ይታገሱኝ» አለች። አልተቆጣችም።

የሲፈን ተራ ደረሰ። ተነሳችና አየችኝ። «አባባ ካልወጣ አልናገርም» አለች።

ተናድጄ ወጣሁ። ግን አልሄድኩም፤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

«እናቴ ሞታለች። ድሮ ነው ያወቅሁት» ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «ጫማውን የሚገዛው አባባ ነው። ይጠበኛል፤ ግን ልኬ ነው እላለሁ። ጠበበኝ ካልኩ ‹ለእናትሽ እንነግራታለን› ማለት አለበት። ያኔ ያለቅሳል።»



«አንቺስ፣ ሲፈንዬ? አንቺ መቼ ታለቅሻለሽ?» አለች ቲቸሯ።

«እነሱ ሲነግሩኝ።»

  ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤ ስታነክስ አየኋት። በየቀኑ ስትሄድ እያየሁ ይህን አላየሁም።

ዛሬም በዚያ ትምህርት በሁሉም ነገር አልስማማም። ልጅ ሰው ፊት ገበናውን ሲያወጣ ደስ አይለኝም። ይሁን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ እኛ እሷን ስንጠብቅ፣ እሷ ያን ሁሉ ጊዜ እኛን ስትጠብቅ መኖሯ ነው።

ወንድሜን ማታውን ከሰበታ አስመጣሁ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። ሲፈንን ቀስቅሼ እንደ ትልቅ ሰው መሀላችን አስቀመጥኳትና «ልጄ፣ እናትሽ ሞታለች» አልኳት። ልክ ያን ሰዓት እንደሰማ ሰው ጮኸች።