አረንጓዴዋ ሙሽራ

ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበርነው የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ገብርኤል፣ ሽማግሌው ጋሽ አራጋው፣ የቤቱ ባለቤት ሲሳይ፣ ልጄ ትርንጎና እኔ ነን። ያደረግሁትን ከልጄ በቀር ያየ የለም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንዳልናዘዝ፣ ካታለልኋቸው አንዱ እሳቸው ናቸው። አሁን እሳቸውም አርፈዋል፤ ስለዚህ ለምታነቡት ለእናንተ እናዘዛለሁ።

ሲሳይ እዚህ ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ፊልም ያሳይ ነበር። ትርንጎ በሩ ላይ ቆሎ ስለምትሸጥ በነፃ ያስገባታል። ሰው የሚወደው አንድ የድሮ የህንድ ፊልም ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ ሲገለበጥ ቀለሙ አልቆ፣ ሙሽራዋ ፊቷ ጎመን መስሎ፣ ዳር ዳሩ ሁሉ ደብዝዞ ነበር። ልጆቹ ሲያጉረመርሙበት ሲሳይ ከአዲስ አበባ ጥሩ ቅጂ አስመጣ። አዲሱን የከፈተ ቀን ልጆቹ አጨበጨቡ። ትርንጎ ብቻ፣ «አዲሱን መቼ ነው የምትከፍተው?» ብላ ጠየቀችው።

ሲሳይ ማታውን ቤቴ መጣ። «እትዬ ዝናሽ፣ ትርንጎ ዓይኗን አሟታል። ወልድያ ሐኪም ቤት ይውሰዷት» አለኝ።

ክፉ ተናገረኝ? አልተናገረኝም። እኔ ግን ደነገጥሁ። ልጄ ሕፃን ሳለች ዓይኗ አብጦ፣ ሐኪሙ ያንኑ ወልድያ ውሰጃት ብሎኝ ነበር። እኔ መንገዱን ፈራሁ፣ የሚነግሩኝን ፈራሁ፤ እብጠቱ ሲጎድል ተውሁት። ከዚያ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ አፍንጫዋ ድረስ ስታስጠጋው አይ ነበር። አይቼ ዝም አልሁ። ይህ ቢወጣ ሰው ምን ይለኛል? አልሁና በማግስቱ ውኃ ቦኖው ላይ፣ «የልጄ ዓይን ደህና ነው፤ የሚያደክመው የሲሳይ የተበላሸ ምስል ነው» ብዬ አወራሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ከለከሉ። ሲሳይም ሽማግሌ ጠራብኝ።

በጠራራ ፀሐይ ቪዲዮ ቤቱን ዘግተን ተቀመጥን። ሲሳይ መጀመሪያ አሮጌውን ከፈተው።

ጋሽ አራጋው ሳቁ። «ይች ሙሽራ ኮሶ ጠጥታ ነው የመጣችው?»

«ጋሼ፣ እሷስ ቀይ ለብሳ ነበር የተነሣችው። ግልበጣው ነው ቀዩን የበላባት» አለ ሲሳይ። ከዚያ አዲሱን ከፈተው። የሙሽራዋ ልብስ ቀላ፤ አፍንጫዋ ላይ ያለችው ቀለበት እንኳ ጥርት ብላ ታየች።

«ትርንጎዬ፣ ቀለበቷን ታያለሽ?» አሏት አባ።

ቤት ሳለን መክሬያታለሁ። እጅሽን ስጨብጥሽ አያለሁ በይ ብያታለሁ። ጨበጥኋት።

«አያለሁ» አለች።

«የእውነት ታዪያታለሽ?» አሉ ደግመው።

እንደገና ጨበጥኋት፤ ጥፍሬ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ።

«አያለሁ።»

አባ ወደ ሲሳይ ዞሩ። «ልጅቱ ታያለች፤ ያደከማት ያ ጭጋግህ ነው። ለሕፃን እንዲህ ያለ አታሳይ» አሉት። ሲሳይ ትርንጎን ብቻ አያት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው አልገባበትም፤ ክረምቱ ሳይገባ ቴሌቪዥኑን አስጭኖ ሄደ።

በሽማግሌ ፊት ደህና ናት ያልኋትን ልጅ በምን አፌ ሐኪም ቤት ልውሰዳት? ቆየሁ። አሁንም ቆየሁ። ወልድያ ያደረስኋት ግራ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። ሐኪሟ፣ «ቀደም ብሎ የነገረሽ ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልነበረም» አልሁ። ትርንጎ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

አላወቅሁም አልልም፤ አውቄያለሁ። ድህነት ነው አልልም፤ የመሳፈሪያ አላጣሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የጨበጥሁት እኔ ነኝ። ልጄ አድጋለች፤ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ሲሳይን ግን ፊት ለፊት ይቅርታ ልለምነው እፈልጋለሁ።

ሲሳይ ቀጭን፣ ረጅም የሙጃ አገር ልጅ ነው። ወደ ወገል ጤና ከተማ ሄደ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋብኝ። በሕይወት መኖሩን፣ የት እንዳለም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።