ማሙሽ የሚሮጥበት ቅዳሜ

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት ከሰፈሬ ከፌርፋክስ ተነሣሁ። የምሄደው ወደ ደቡብ፣ ሶላና ቢች አጠገብ ወዳለው የፈረስ ሩጫ ሜዳ ነው። ልጄ ሜሮን እዚያ ትሠራለች። ፈረስ ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ለሩጫ ታዘጋጃለች። የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣ ከገባችበት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ ግን የቁማር ቦታ ነው ብዬ አንድ ቀንም ሄጄ አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። «እማዬ፣ ማሙሽ ቅዳሜ ይሮጣል። ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ከወሰዱት ወደ ቤት እመጣለሁ፣ ስኩሌን እቀጥላለሁ። ቃሌ ነው። ካልወሰዱት ግን እዚሁ ነኝ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» አለችኝ። ማሙሽ የምትለው ፈረሱን ነው። በፕሮግራም ላይ የሚጻፈው ስሙ ኮፐር ሮድ ነው።

ስለዚህ የሄድኩት ፈረስ ለማየት ብቻ አይደለም። ልጄን ይዤ ለመመለስ ነው።

ለንስሐ አባቴ አስቀድሜ ነገርኳቸው። «ቁማር ልትጫወቺ ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሂጂ። ፈረሱ ምን በደለ» አሉኝ።

በባቡር

አብረውኝ የሄዱት ጎረቤቴ ጋሼ ይልማ ናቸው። ኢንግልውድ የነበረው የሩጫ ሜዳ እስኪዘጋ ድረስ እዚያ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደ ደቡብ ወርደው ፈረስ አይተው ይመለሳሉ።

እስከ ባቡር ጣቢያው በአውቶቡስ ሄድን፤ አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ነው። የባቡሩ ቲኬት ወደ ሠላሳ ዶላር ይጠጋል። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው፤ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ የሚታየው መጋዘንና የቆሙ የጭነት መኪናዎች ናቸው። ከሳን ሁዋን ካፒስትራኖ በኋላ ሐዲዱ ከአሸዋው ጋር ይገጥማል፤ ውሃው መስኮቱ ሥር ያለ ይመስላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ ዕድሜዬ አየሁ።

ጋሼ ይልማ የቅዳሜውን ፕሮግራም ዘርግተው የቱና ሳንድዊች ይበላሉ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። አየት አደረጉኝና፣

«እኔ እንኳ በመድኃኒት ምክንያት ተፈቅዶልኛል» አሉ።

«ምን አልኩ፣ ጋሼ?»

«ዓይንሽ ብሏል። ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው። ሥጋ አያውቅ፣ ቅቤ አያውቅ። አንቺም ስትደርሺ ታከብሪዋለሽ።»

አሸናፊ እንዴት እንደሚመርጡ ጠየቅኳቸው። «ኋላውን አይቼ ነው» አሉ። «ፊቱ አምሮ ኋላው የተገጨ መኪና ስንት አቁሜያለሁ መሰለሽ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ በጋጣው

ሜሮን በአለቃዋ ፒክአፕ መጥታ ከጣቢያው ወሰደችን። ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯ ላይ ድርቆሽ አለ። ከስታለች፤ ፊቷ ግን ደህና ነው።

«ጋሼ ይልማ! አንተም መጣህ!»

«አንቱ በያቸው እንጂ» አልኳት።

«ተያት» አሉ ጋሼ። «ፌርፋክስ ላይ አንተ የሚለኝ ሰው አልቋል። እሷ ስትለኝ ሃያ ዓመት ይቀንስልኛል።»

በር ላይ ጥበቃው ስማችንን መዝግቦ ልብሳችን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሰጠን። ጋጣዎቹ በረድፍ የተሠሩ ናቸው፤ በየበሩ ላይ አንድ አንድ የፈረስ ራስ ወጥቷል። ሜሮን የምትይዘው አራት ፈረስ ነው። ማሙሽ ዳማ ነው፣ የደረቀ ቡና ቀለም ያለው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለበት። ሳምባው ታሞ ሲመጣ የሚቀበለው ጠፍቶ ነበር። እሷ ለወራት በእጇ እያበላች፣ በእግሩ እያንሸራሸረች ለሩጫ አደረሰችው።

የቅዳሜውን ነገር ያን ዕለት የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ማሙሽ ካሸነፈ ባለቤቱ አይለቀውም፤ ከተሸነፈ ይሸጠዋል። ልጄ ወደ ቤት እንድትመጣ እንግዲህ ፈረሱ መሸነፍ አለበት። ይህን ሳስብ ማሙሽ ከኪሴ መሐረቤን ጎትቶ ወሰደው።

«ወዶሻል» አለች ሜሮን።

መሐረቤን ከጥርሱ አስለቅቄ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ነገ ማን ያሸንፋል

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ከፌርፋክስ ይዤው የሄድኩትን ሱፍ ፍትፍት ድርቆሽ ላይ ተቀምጠን በላን። ቀጥለንም ፕሮግራሙን አየን። ቅዳሜ የሳምንቱ ትልቁ ቀን ነው፤ ዐሥር ሩጫ አለ። እኔ ገንዘብ አላስያዝኩም። የሰማሁትንና ያየሁትን ይዤ በአራቱ ላይ ብቻ ግምቴን ጻፍኩ።

አንደኛው ሩጫ አንድም ጊዜ አሸንፈው የማያውቁ የሁለት ዓመት ፈረሶች ነው። ሜሮን አራት ቁጥሩ ጥቁር ፈረስ፣ ጉራቻው፣ ያሸንፋል ትላለች፤ ሰሞኑን በጠዋት ልምምድ ላይ ከሁሉ ፈጥኖ አይታዋለች። ጋሼ ሁለት ቁጥርን አሉ፤ ምክንያታቸውን ታውቁታላችሁ። እኔ ከሜሮን ጋር ሆንኩ። ልጅ ፈረስ ገና ሳይሮጥ በላብ ከራሰ ጉልበቱን እዚያው ጨረሰ ማለት ነው፤ ጉራቻው ግን ጋጣው ውስጥ ረጋ ብሎ ቆሞ ነበር።

አራተኛው በሣር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዐሥር ቁጥርን ነው። የሚነሣው ግን ከዳር ስለሆነ ኩርባውን በሰፊው ሊዞር ነው። መንገድ ሲጨመርበት ሰውም ይደክማል። እኔ በውስጥ በኩል የሚነሣውን ሁለት ቁጥርን መረጥኩ።

ስድስተኛው የማሙሽ ነው። አንድ ማይል፣ ስምንት ፈረሶች፣ የእሱ ቁጥር ሰባት። ማሙሽ ከኋላ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንድ፣ ሦስትና አምስት ቁጥር መምራት ይወዳሉ። እርስ በርስ ከተፎካከሩ ይደካከማሉ፤ ያን ጊዜ ማሙሽ አለ። ሦስት ቁጥር ብቻውን ፊት ከወጣ ግን አይደረስበትም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እማዬ?»

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ዘጠነኛው ትልቁ ሩጫ ነው፣ የሴት ፈረሶች። ሦስታችንም አምባላይዋን መረጥን። ነጭ ናት፤ ከባሕር ማዶ ነው የመጣችው፤ ረጅም ርቀት ለምዳለች። ጋሼ ከኛ ጋር በመስማማታቸው ፈራሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሞቴሉ ውስጥ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ቅዳሜ ከእህል አይጾምም። ጋጣው ስንደርስ ሜሮን የማሙሽን ድርቆሽ አንሥታለች። የሚሮጥ ፈረስ ሆዱ እንዳይከብደው ጠዋት አይበላም።

«ይኸው፣ ዛሬ ጾመኛው እሱ ነው» አለች።

«ቅዳሜ ከእህል አይጾምም በይው እንጂ» አሉ ጋሼ።

ያን ጊዜ ነው ሲያስጨንቀኝ ያደረውን የጠየቅኳት። «ካሸነፈ ያስቀሩታል አይደል?»

«ኖ እማዬ፣ ማሸነፉ አይደለም። ሬሱ ውስጥ የገባው ሁሉ ፕራይስ አለው። የእሱ ሃያ ሺህ ነው። መግዛት የፈለገ ከሬሱ በፊት ወረቀት ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ሶ፣ ሲሮጥ ተሽጦ ሊሆን ይችላል። አንደኛ ይውጣ መጨረሻ፣ ያው ነው።»

ቀለለኝ። እንግዲህ የልጄ መምጣት ከፈረሱ መሸነፍ ጋር የተያያዘ አይደለም። «ሰባት ቁጥር ያሸንፋል» አልኳት።

መግቢያው ስድስት ዶላር ነው። ሴቶቹ ጥላ የሚያህል ባርኔጣ ያደርጋሉ። ሎሚናት ስድስት ዶላር ሲሉኝ ውሃ ጠጣሁ። ሜዳው ከባሕሩ አጠገብ ስለሆነ ነሐሴም ሆኖ ነፋስ አለው።

አንደኛውን ሩጫ ጉራቻው አሸነፈ። የጋሼ ሁለት ቁጥር ሰባተኛ ወጣ።

«ኋላው እኮ ጥሩ ነበር» አሉ።

«እሱም የሌሎቹን ኋላ ሲያይ ነው የዋለው» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

በአራተኛው ተሳሳትኩ። ዐሥር ቁጥር በሰፊው ዞረ፣ ደክሞም አሸነፈ።

ስድስተኛው ሩጫ

የመነሻው በር ሲከፈት አንድ፣ ሦስትና አምስት ቁጥር እንደተባለው አብረው ወጡ። ማሙሽ ሰባተኛ ነበር። በሩቁ ኩርባ ላይ ሦስቱ አልተላቀቁም። ጋሼ ፕሮግራሙን ጠቅልለው የራሳቸውን ጭን ይመታሉ። ወደኛ ሲዞሩ ማሙሽ በውጭ በኩል ወጣ። መጀመሪያ አምስት ቁጥር ቀረ፣ ቀጥሎ አንድ። ሦስት ቁጥርን መጨረሻው ላይ በአንገት ቀደመው።

ሜሮን ከታች «እማዬ፣ ነይ!» እያለች ጠራችኝ። ከአሸናፊው ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ነጠላዬን አስተካክዬ ከማሙሽ ጎን ቆምኩ። ላቡ እንደ ሳሙና አረፋ ሆኗል። ፎቶው እንዳበቃ አንድ ሰው መጥቶ ልጓሙ ላይ ቀይ ምልክት አሰረበት። ሜሮን አየችው፤ የተሸጠ ፈረስ ምልክት ነው። ሦስት ሰዎች ፈልገውት ኖሮ በዕጣ ለአንዱ ደርሷል።

ለምርመራ ተወስዶ ከተመለሰ በኋላ የአዲሱ ባለቤት ሠራተኛ ሊረከበው መጣ፤ አንድ ሸምገል ያሉ ሜክሲኳዊ ናቸው። ሜሮን የእኛን ልጓም አወለቀች፣ እሳቸው የራሳቸውን አደረጉለት። ከዚያ በስፓኒሽ ብዙ ነገረቻቸው። ልጄ ይህን ቋንቋ እንደምትናገር ያን ዕለት ሰማሁ። ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኳት። ጃንጥላ እንደሚያስደነግጠው፣ ግራ ጆሮውን መነካት እንደማይወድ፣ ካሮት በቁመቱ ተሰንጥቆ እንደሚሰጠው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። ማሙሽ ተከትሏቸው ሄደ፤ ዞሮም አላየ።

«ኦኬ እማዬ» አለች ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ። «ቃሌን አውቃለሁ። ዕቃዬ ትንሽ ነው። አንድ ሰዓት ስጪኝ።»

ወደ ጋጣው ተመለስን። የቀሩት ሦስቱ ድምጿን ሲሰሙ አጉረመረሙ፣ አንዱ በሩን በእግሩ መታ። ሻንጣ ልታመጣ የገባችው ልጅ ባልዲ አነሣች። ባልዲውን አጥባ ውሃ ሞላች፣ የአንዷን እግር አንሥታ ሰኮናዋን ጠረገች፣ ለሌላው ድርቆሽ አሰረች። ያዘዛት ሰው የለም። እያለቀሰች ነው፤ እጇ ግን አልቆመም። ቤቴ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ስትሠራ አይቻት አላውቅም።

ጋሼ ይልማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውጭ ወጡ። የመጣሁበት ነገር እጄ ላይ ነበር። እሺ ብል ያን ማታ በባቡር ይዣት እመጣ ነበር።

«ሜሮን» አልኳት።

«ጨረስኩ፣ ጨረስኩ። አንድ ደቂቃ።»

«ከቃልሽ ፈትቼሻለሁ።»

«ማለት?»

«ቆዪ ማለት ነው።»

ባልዲውን አስቀመጠች። «ስኩሉስ?»

«እሱን ራስሽ ታስቢበታለሽ። አሁን ለነዚህ እራታቸውን ስጪ።»

መጥታ አቀፈችኝ። ነጠላዬ ድርቆሽ ድርቆሽ ሸተተ።

መመለሻ

ዘጠነኛውን ሩጫ አይተን ተነሣን። አምባላይዋ አሸነፈች። ጋሼ ሁለት ዶላር አስይዘውባት ስለነበር እስከ ጣቢያው ድረስ ስለ ኋላዋ ነገሩኝ። ባቡሩ ላይ ፕሮግራሙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሳንታ አና ስንደርስ፣

«ብቻሽን ተመለስሽ» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከፋሽ?»

«አልከፋኝም።»

ከመሸ በኋላ ፌርፋክስ ገባን። ከአራት ግምቴ ሦስቱ ደርሷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነው አሉኝ። ከጉዞው የተማርኩት ግን ስለ ፈረስ አይደለም። ልጄ የምትውልበትን ቦታ ሳላየው ፈርጄበት ኖሬያለሁ። ቁማሩ አለ፣ አይቻለሁ። ከቁማሩ ጀርባ ደግሞ ውሃ የሚጠብቁ ፈረሶችና ውሃ የምታጠጣቸው ልጄ አለች። ይህን ላሳየኝ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ላይ እንደ ወትሮው የክርስትና ስሟን ጠራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ከዚያ እንዲያወጣት ነበር። ያን ዕለት እዚያው እንዲጠብቃት ለመንኩ።