የታችኛው መደብ

ኦይቫ ዕድሜውን ሙሉ የተቆረጠ ግንድ በወንዝ እያንሳፈፈ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የተረፈው የተቆለመሙ ጣቶችና የደከመ ልብ ነበር። ሐኪሙ ግን በሐይቁ ዳር ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሳውናውን፣ አልከለከለውም። «እንዲያውም ይበጅሃል። ሙቀቱ ከማይበረታበት ከታችኛው መደብ ተቀመጥ፣ ብዙ አትቆይ፣ ወጥተህም ቀስ ብለህ ቀዝቀዝ በል። በረዶ በሠራው ሐይቅ ውስጥ ግን እንዳትገባ» አለው።

እውነትም በጀው። በዚያ መኸር ቅዳሜ ቅዳሜ እየታጠነ ጣቶቹ ተፍታቱ፣ የደም ግፊቱ ረገበ፣ ሳይገላበጥ ማደር ጀመረ። ሚስቱ ሂልያ ትንፋሹን እያዳመጠች፣ «ገና አብረን እናረጃለን» ትል ነበር በልቧ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሙ ካውኮ መጣ። እንደ ወጉ ወንዶቹ ቀድመው ገቡ፤ ሂልያ ተራዋን ልትጠብቅ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ተቀመጠች። በሳንቃው ውስጥ ሁሉም ይሰማል።

«ምነው ታናሼ፣ የሕፃናት መደብ ላይ ቀረህ?»

«ሐኪሙ ነው።»

«ሐኪሙ! አባታችን በስተርጅናው ከላይ ተቀምጦ ላብ እንዲወጣን በቅጠል ሲገርፈን ማንን አማከረ?» የረጨው ውሃ በምድጃው የጋለ ድንጋይ ላይ ተንሿሿ። «ና ውጣ! ወይስ ሂልያን ላስፈቅድልህ?»

የላይኛው መደብ ሲንቋቋ ሰማች።

የበሩን እጀታ ያዘች። ግን ሳውና ውስጥ ድምፅ ከፍ አይደረግም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቷ እሷን የወለደችው እዚያ፣ ስትሞትም የታጠበችው እዚያ ነው።

«ኦይቫ፣ ይበቃሃል» አለች በለሆሳስ።

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

በሩ ተከፍቶ ሁለቱም እንደ ፍም ቀልተው፣ እየሳቁ ወደ ሐይቁ ሮጡ። የኦይቫን ክንድ ያዘችው፤ በላብ ረጥቦ ነበርና ሾለከባት። ካውኮ በሐይቁ በረዶ ላይ ለመነከሪያ በተቆፈረው ቀዳዳ ገብቶ ወጣ። ኦይቫ ገባና የመውጫውን መሰላል እንደያዘ ቀረ።

«ታጥቦ ነጽቶ ነው የሄደው» ብለው አጽናኗት በቀብሩ ላይ። 

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ካውኮ እንጨት ተሸክሞ መጣ። «ሳውናውን ላንድድልሽ። ሐዘን የገባው ሰውነት ሙቀት ይፈልጋል።»

«ልክ ነህ፤ ለሰውነት ጥሩ ነው። ለእሱም ጥሩ ሆኖለት ነበር። እንጨትህን ይዘህ ሂድ።»

በጸደይ ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውጣት አቃታት። መድኃኒቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ሳውናው ከመስኮቷ ይታያል። ውሃ በምድጃ እያሞቀች፣ ወጥ ቤት ውስጥ በሳፋ ትታጠባለች።