የፍሪጅ ሠሪው ቤት ፍሪጅ

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። ሕክምና ተምሮ አይደለም፤ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ግን የታመመ ፍሪጅ ያለበት ቤት ሲጠራ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ኮምፕሬሰሩ ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንድ ቀልደኛ ደንበኛ «እህስ ዶክተር፣ ይተርፋል ወይስ ድንኳን እንትከል?» ብሎት ነበር፤ ስሙ በዚያው ጸደቀለት። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አፉም ማር ነው። ሠርቶ በሄደ ማግስት ደግሞ ደውሎ «እንዴት አደረልዎት?» ይላል። የሚጠይቀው ስለ ፍሪጁ ነው፤ ደንበኞቹ ግን ስለ ራሳቸው የተጠየቁ ያህል ደስ ይላቸዋል።

የዚህ ሰው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የምንናገረውም ስለ እሷ ነው፤ ስለ እሱ የሚናገርለት ሞልቷል። የዶክተሩ የገዛ ቤቱ ፍሪጅ ቆሞ ስድስት ዓመት አልፎታል። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው በዚህ ቤት በር ሳያልፍ አልቀረም።

ፍሪጁ ዝም ያለ ዕለት ማታ፣ ባሏ ጫማውን እያወለቀ ሳለ ነገረችው። እሱም ከካልሲው ቀና ሳይል፣ «ኮምፕሬሰሩ ነዋ» አላት። «ልቡ ማለት ነው። ልብ ከሄደ ትልቅ ሥራ ነው። ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ።»

ወደ ፍሪጁ አንድ እርምጃ አልተራመደም። እሷም አመነችው። ከዶክተር ጋር ማን ይከራከራል? መጀመሪያ ሰሞን ታስታውሰው ነበር፤ ኋላ ላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር ብቻ፤ ከዚያ ጭራሹን ተወችው። እሱም ሁልጊዜ «ነገ» ይላል። ለሰው እንዳታማው አይሰክር፣ አይማታ፣ የሠራውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሰካራም ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያዝንላት ሰው ታገኝ ነበር።

ፍሪጁ ቀስ በቀስ ቁም ሣጥን ሆነ። ከታች የአትክልት መሳቢያው ክር ገባበት። በረዶ ቤቱ ውስጥ ዚፕ ተደረደረ። መደርደሪያዎቹ ላይ የደንበኞች ቅዳጅ ጨርቅ ተቀመጠ። በሩ ላይ ካለው የእንቁላል ማስቀመጫ ደግሞ በየጉድጓዱ የሸሚዝ ቁልፍ ሞላችበት፤ ነጩ ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ። አናቱ ላይ ቴሌቪዥን ተጫነበት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ወተቱና ሥጋው የሚያድረው ጎረቤት ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ፤ ለእሷ ብለው የፍሪጃቸውን ሁለተኛ መደርደሪያ ለቀውላታል። ማታ ማታ ሳህኗን ከድና ግቢውን ታቋርጣለች። የአዋላጇን ፍሪጅ የሚንከባከበው ታዲያ ማን ይመስላችኋል? ዶክተሩ ነው፤ ያውም በነጻ። ከጀርባው አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል። የበሩን ጎማ በሳሙና ውሃ ያጥባል። በሩ መሃል ወረቀት አስገብቶ ዘግቶ ይስባል፤ ወረቀቱ እየተንሸራተተ ከወጣ ጎማው ደክሟል ማለት ነው። «እትዬ፣ አደራ፣ በረዶውን በቢላ እንዳይፈነቅሉት፤ ቧንቧውን ይበሱታል። ሶኬቱን ይንቀሉትና በራሱ ይሟሟ» ይላቸዋል። እሷ ሳህኗን ይዛ ተራዋን እየጠበቀች ትሰማለች። ስለ ሰው ፍሪጅ የማታውቀው ነገር የለም።

አንድ ጊዜ አዋላጇ፣ «የእናንተውስ መቼ ነው የሚሠራው ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

«የእኛማ ኮምፕሬሰሩ ነው እትዬ። ትልቅ ሥራ ነው።»

ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ኩራት ቢጤ ነበረ። ቤቱ ከባድ በሽተኛ ያለበት ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው። «ትልቅ ሥራ» የሚለው ቃል ስድስት ዓመት አስጠልሏታል። ነገሩ ትልቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ የለውም፤ እና ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ሰው እንዲህ ባለ ሒሳብ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ እሷም ትጨርስ ነበር፣ ያ ሥጋ ባይበላሽ ኖሮ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ሊመጣ ነው ተብሎ ሥጋ ገዝታ ወጥ ሠራች። አዋላጇ በዚያው ቀን ልጃቸው ዘንድ ሄደው ቤታቸው ተቆልፎ አደረ። በማግስቱ እንግዳው ተቀምጦ ድስቱ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ባሏ በወንድሙ ፊት አፍንጫውን ያዘና፣ «አንቺ ደግሞ፣ እስካሁን ሥጋ እንዴት እንደሚቀመጥ አታውቂም?» አላት።

ድስቱን ይዛ ወጣች፤ ውጪ ቆማ አለቀሰች።

የስፌት ቤት ባልደረባዋ ቀጭንም ምላሰ ስለታምም ስለሆነች «መርፌ» ትባላለች። ታሪኩን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች።

«ሚስቱ ስለሆንሽ እኮ ነው የማይመጣው» አለቻት። «ደንበኛ ሁኚ። ቁጥሩን በይ።»

መርፌ በራሷ ስልክ ደወለች፤ ድምፁንም ለሁለቱም እንዲሰማ ለቀቀችው።

«አቤት የኔ እመቤት፣ ምን ልታዘዝ?» አለ ዶክተሩ።

ሚስትየው ደነገጠች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሊያገባት ሲመላለስ የነበረው ድምፅ ነው። ጠፍቶ የቀረ መስሏት ነበር፤ ለካ በየሰው ቤት ነው የሚውለው።

«ፍሪጄ ሞቶብኝ ነው» አለች መርፌ።

«አይዞዎት፣ ሞተ የሚባለው እኔ አይቼው ነው። ሲሰኩት መብራቱ ይበራል?»

መርፌ ጓደኛዋን አየች፤ ጓደኛዋ ራሷን ነቀነቀች። «ይበራል።»

«ድምፅስ አለው?»

«የለውም።»

«ከቆመ ምን ያህል ሆነው?»

«ስድስት ዓመት።»

«ስድስት ዓመት? ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?»

«ባሌ ጊዜ የለውም።»

ዶክተሩ ከልቡ አዘነ። «ይሄማ ግፍ ነው፣ እመቤቴ። ሴት ልጅን ስድስት ዓመት እንዲህ ማንከራተት! ቤትዎ የት ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ቢጫው በር።»

«የኔው ግቢ! ጥግ ያለችው ቤት ተከራየች እንዴ? አዲስ ነዎት ማለት ነው።»

«እንደ አዲስ ይቁጠሩኝ» አለች መርፌ። ስልኩን ዘግታ በሳቅ ልትፈነዳ ስትል የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ የታጠበ ቱታውን ለበሰ። «ዛሬ እዚሁ ግቢ ሥራ አለኝ» አላት። «አንዲት ምስኪን ስድስት ዓመት ያለ ፍሪጅ። ባሏ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንጃ።»

«ሥራ የሚበዛበት ነው አሉ» አለች ሚስቱ።

ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። የጥጓን ቤት አንኳኳ፤ የሚመልስ የለም። ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «የደወለችዋን ሴትዮ አይተሻታል?»

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ማ?»

«ስድስት ዓመት ያለ ፍሪጅ የኖረችው እኔ ነኝ። ግባ።»

ቆሞ ቀረ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም መሃል ላይ ጠፋበት። «ይሄን ሁሉ ከምታደርጊ አትነግሪኝም ነበር?»

«ነግሬህ ነበር።»

እጁን ታጠበ። እሷ ለደንበኛ ቤት ወግ ብላ ለሻይ ውሃ ጣደችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ቴሌቪዥኑን አወረደ፤ ፍሪጁን ከግድግዳው ጎትቶ አወጣው። እንቁላል ቤቱ ውስጥ ቁልፎቹ ተንኳኩ። ተንበርክኮ የጀርባውን ክዳን ፈታ፤ አጎንብሶ ውስጡን ያይ ጀመር።

እሷም በልቧ ለመነች። አምላኬ፣ ኮምፕሬሰሩ ይሁን። ልቡ የሞተ ይሁን። የማይሠራ ይሁን፤ ዕድሜ ልኬን ሳህን ተሸክሜ ግቢ ላቋርጥ፤ ብቻ ትልቅ ነገር ይሁን።

«አሃ» አለ ዶክተሩ። «ይቺ ናት እንዴ?»

ከኮምፕሬሰሩ ጎን አንዲት ሽቦ ጫፏ ዝጎ ከቦታዋ ወልቃለች። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፤ በፒንሳ ጨመቅ አድርጎ መለሳት፤ ሶኬቱን ሰካ። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጠቀጠና ማጉረምረም ጀመረ። ዶክተሩ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፤ ፊቱ በራ። «ኮምፕሬሰሩማ ፈረስ ነው! ጋዙም አልጎደለም።» ቀና ብሎ አያት። በየቤቱ እንደለመደው «እጅህ ይባረክ» የሚባል መስሎት ነበር።

እሷ የምታየው ምድጃውን ነው። የሻይ ውሃው ገና አልፈላም።

ስድስት ዓመት ይህን ታህል ነበረች። እሱ ካልሲውን ለብሶ ቢነሳ፣ አንድ ሻይ እስኪፈላ ከፍሪጁ ጀርባ ቢንበረከክ ያልቅ ነበር። ትልቅ ሥራ አልነበረም። ጊዜ ያጣላት ለትልቅ ነገር አልነበረም። ንዴት ቢሆን በወጣላት፤ የተሰማት ግን ኀፍረት ነው፣ ርካሽ ዋጋውን በአደባባይ እንደሰማ ሰው።

«ሻይ ጠጣ» አለችው።

ስልኩ ጮኸ። «አቤት የኔ እመቤት! እየመጣሁ ነው» አለ። ቦርሳውን እየዘጋ፣ አፉ እንደለመደው፣ «ለጊዜው ባዶውን ይሥራ፤ ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፤ ትኩስ ነገር እንዳያስገቡበት» አላትና ወጣ። ውሃው ያን ጊዜ ፈላ።

ያን ቀን አልነቀለችውም። ፍርዷን ለማግስቱ አቆየችው፤ ለደንበኛ በማግስቱ ይደወላላ። ክሯንና ዚፑን አውጥታ አልጋ ላይ ከመረች፤ ቁልፎቹን በከረጢት ሰብስባ አሰረች። ማታ ባሏ ገባ፤ በላ፤ ስለ አንድ ሆቴል ማቀዝቀዣ ብዙ አወራ። ፍሪጁ ከጎኑ ያጉረመርማል፤ ዞር ብሎ አላየውም። ጠዋት ቱታውን እየለበሰ ስልኩን አነሳ። እሷም የራሷን ስልክ አየች።

«እንዴት አደረልዎት እመቤቴ?» አለ፤ ትናንት ከእሷ በኋላ ለሄደላት ሴት። ሳቀ፤ መረቃት፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ደህና ዋይ» ብሏት ሄደ።

እሷም ተነስታ ፍሪጁን ከፈተችው። ትንሿ አምፖል በራች፤ ባዶው መደርደሪያ ነጭ ነበር፤ ቅዝቃዜው ፊቷን ነካት። ሶኬቱን ነቀለች። ክሩን ወደ መሳቢያው፣ ዚፑን ወደ በረዶ ቤቱ መለሰች። ከዚያ ከረጢቱን ፈትታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በየጉድጓዳቸው አስገባች፤ ነጩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ። ባሏ በሩን ከፍቶ ያይብኛል የሚል ስጋት አልነበራትም።

ማታ ወተቷን ከድና ግቢውን አቋረጠች። አዋላጇ ተመልሰው ነበር። «ትናንት ዶክተሩ የእናንተውን ሲታገለው ነበር አሉ» አሏት። «ዳነ?»

«አልዳነም እትዬ። ኮምፕሬሰሩ ነው።»

አዋላጇ ከንፈራቸውን መጠጡ። በዚህ ሰፈር ዶክተሩን ያቃተው ፍሪጅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። «እሱም አልቻለው?»

«እሱም አልቻለውም» አለች።

አዋላጇ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ወደ ዳር ገፋ አድርገው ለወተቷ ቦታ ሰጧት።