እትዬ ገመድና አምስተኛው ፖርት

በሆስፒታሉ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ለሁሉም እትዬ ገመድ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ስትጠግን ኖራለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል። አንድ የማትለቀው ጠባይ አላት፦ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ ሳትከተል ለማንም ሰርቨር ስም አታወጣም።

ሰኞ ጠዋት አዲስ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ተተከለ። አሥራ ስድስት ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ አለው፤ በየፖርቱ አንድ ሰርቨር ይሰካል። ከዚያ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ ቁጥሩንና ስሙን ከስክሪን እየመረጠ፣ የፈለገውን ያጠፋል፣ ያበራል። ስሙ ከተሳሳተ ግን ጉድ ፈላ!

ወጣቱ አለቃዋ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይኸው የድሮው ሳጥን ዝርዝር። ገመዶቹ በዚያው ተራቸው ተሰክተዋል፤ የእርስዎ ሥራ ስሞቹን ወደ አዲሱ መገልበጥ ብቻ ነው። አምስተኛው ፖርት ላይ ያለውን የመለማመጃ ሰርቨር ከምሳ በፊት አጠፋዋለሁ።»

«ወረቀት ምን ያውቃል ብለህ ነው? እኔ ገመዱን ነው የምጠይቀው።»

«ሊመሽብን ነው እኮ!»

«ይምሽ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

እየሳቀ ወጣ። እሷም ጉልበቷ ቋ እያለ ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት ካቢኔ ጀርባ ገባች። ፋርማሲ፣ ደመወዝ፣ ራጅ፣ ላቦራቶሪ፤ እስከ አራተኛው ፖርት ድረስ ሁሉም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። አምስተኛው ገመድ ግን ተጠማዝዞ ሄዶ የበሽተኞች ካርድ ያለበት ሰርቨር ላይ አረፈ። እሱ ቢጠፋ ታች ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ያለ ካርድ ሊቀር ነው! መለማመጃው ስድስተኛው ላይ ነበር።

«ይህን የጻፈ ሰው ዓይኑን የት ጥሎት ነው?» ብላ ስድቡን ልትቀጥል ወረቀቱን አነሣች። ጽሕፈቱ የራሷ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለቱን ገመዶች አለዋውጣ፣ ወረቀቱን ነገ አርመዋለሁ ብላ ነበር። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ።

ፊቷ ጋለ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት አድርጋ ታዋርደው ነበር! ወረቀቱን ቀድዳ ብትጥለው ማን ያውቅባታል? ለሃያ ሁለት ዓመት ስሟ ሳሳች። ጫፉን ይዛ ልትቀደው ስትል አለቃዋ በር ላይ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ አምስትን ላጥፋው?»

«እንዳትነካው! ካርዱ ያለው እሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ተሳስቷል።»

አለቃው ደነገጠ። «ማነው እንዲህ የጻፈው?»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። «እኔው ነኝ» አለች።

እስኪስቅባት ጠበቀች። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለና ከካቢኔው በወዲያኛው በኩል ቁጢጥ አለ።

«በሉ እትዬ፣ ሰባተኛውን ገመድ ይጎትቱ፤ ሌላውን ጫፍ እኔ ከዚህ እፈልገዋለሁ።»

ጎተተች።

«ያዝኩት!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ፤ «እስቲ ይድገሙት።»